እርድ የነካው እጅ

ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር የሚገባበት ሙቀት ነበር። በዚያ ሙቀት ኬሐር ሲንግ የሱፍ ኮት ለብሶ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ ላቡ በጀርባው እየወረደ በአውራጃው ጽሕፈት ቤት ባንኮኒ ፊት ቆሟል። ከጎኑ ልታገባው የመጣችው ኤውላሊያ፣ ከኋላዋ እናቷ ዶኛ ቶማሳ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ቻቻ ቡታ። ለአንድ የጋብቻ ወረቀት አራት ሰው ምን ይሠራል ያለ እንደሆነ፣ ሁለቱ ሊጋቡ፣ አንደኛዋ ሊጠብቁ፣ አንደኛው ደግሞ ነገሩን በኋላ አጋነው ሊያወሩ ነው።

ኬሐር ከፑንጃብ ወደ ካሊፎርኒያ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ሐዲድ አነጠፈ፣ ቀጥሎ ሐብሐብ ተከለ፣ አሁን በሰው መሬት ላይ ጥጥ ያርሳል። ኤውላሊያ የሜክሲኮው ጦርነት ከእናቷ ጋር ድንበር ያሻገራት ጥጥ ለቃሚ ናት። የተዋወቁት ሚዛን ላይ ነው። ጆንያዋን ሲመዝንላት «ጣትህን ከሚዛኑ አንሳ፣ አንተ ሌባ!» አለችው። ጣቱ በአካባቢው አልነበረም። ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እሷን ባየ ቁጥር ያ ሳቅ ይመጣበታል።

የጋብቻ ወረቀት የሚሰጠው ጸሐፊ ሚስተር ሃብል ይባላል። ሕጉ ነጭ የሆነ ሰው ነጭ ያልሆነ ሰው እንዳያገባ ይከለክላል። ማን ነጭ እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ የሚፈርደው ግን የሚስተር ሃብል ዓይን ነበር። ለዚህም የራሱ ልማድ አለው። «እጃችሁን!» ይላል። ሁለት እጅ ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን ይዘረጋል። መነጽሩን በክራቫቱ ይጠርግና ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ጨርቅ የሚገዛ ሰው አስተያየት ነው። ቀለማቸው ከተስማማ በሁለቱም ስም ትይዩ አንድ ዓይነት ቃል ጽፎ ማኅተሙን ይመታል። ካልተስማማ «የሚቀጥለው!» ይላል። ባለፈው ዓመት ሁለት የፑንጃብ ሰዎች በዚሁ መንገድ ሜክሲካውያን ሚስቶቻቸውን አግብተው ወጥተዋል፤ ሴቶቹ እንደነሱው ጠይም ስለነበሩ።

የኬሐር እጅ የተቆላ ገብስ ይመስላል። የኤውላሊያ ግን፣ ሁልጊዜ በጓንትና በሰፊ ባርኔጣ ስለምትለቅም፣ ከእጅጌዋ ሲወጣ ወተት ነበር።

«አይሆንም» አለ ሚስተር ሃብል። «ነጭ ሴት ለሂንዱ አልሰጥም።»

«ሂንዱ አይደለሁም ጌታዬ፣ ሲክ ነኝ።»

«ሲክም በል አስነጥስ፣ ያው ነህ። የሚቀጥለው!»

ኤውላሊያ ክንዱን ጎተተችው። «ምን አለ?» አለችው በስፓኒሽ።

«ነጭ ነሽ አለ።»

መጀመሪያ አላመነችውም። ቀጥሎ ሳቋን ለቀቀችው፤ ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። «እኔ? ትናንት ሲኒማ ቤት በጓሮ በር አስገብተው ከምሰሶ ኋላ የጎለቱኝ ሰዎች ይህን ሰምተዋል?»

«እስቲ ጠይቅልኝ» አሉ ዶኛ ቶማሳ፣ «ነጭ ከሆነች ነገ የፊት ወንበር ላይ ትቀመጥ እንደሆነ።»

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ጸሐፊው።

«እግዚአብሔር ይስጥልን ይላሉ ጌታዬ» አለ ኬሐር።

ውጭ ሲወጡ ሳቁ አለቀ። ዶኛ ቶማሳ ጥላ ያለው ግድግዳ ፈልገው ተደገፉና ቁርጡን ተናገሩ። ለቀማው አራት ሳምንት ቀርቶታል። ያ እንዳለቀ እሑድ ጠዋት አሠሪው ለቃሚውን በጭነት መኪና ጭኖ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወይኑ አገር ይወስዳል። «ወረቀት ካለ ልጄን መርቄ እተውልሃለሁ። ወረቀት ከሌለ መኪናው ላይ ከጎኔ ትቀመጣለች። ያለ ወረቀት አንድ ሌሊት አታድርም። የፒላርን ነገር አይተሃል።»

አይቷል። ፒላር ያለ ወረቀት ከአንድ የፑንጃብ ሰው ጋር ስትኖር ሸሪፉ ባዶ እግሯን ከአልጋ አውጥቶ ወሰዳት። ቤተ ክርስቲያኑም ያለ ወረቀት አይድርም። ድንበሩን ተሻግረው ሜክሲኮ እንዳይጋቡ፣ ኬሐር አንዴ ከወጣ የእስያ ሰው ነው ተብሎ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ በዚህ ዓለም ላይ ያለው በር አንድ ባንኮኒ ብቻ ነበር፤ ባንኮኒውም ቀለም ይፈልጋል።

ያኔ ነው ቻቻ ቡታ ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

ቻቻ ቡታ የማንም የሥጋ አጎት አይደሉም፤ ግን በዚህ የጥጥ ሸለቆ ያለ የፑንጃብ ሰው ሁሉ «ቻቻ» ይላቸዋል። ለእንግሊዝ ወታደር ሆነው ቻይና ድረስ ሄደዋል። ከዚያ ይዘው የተመለሱት አንድ ጥይት በጭናቸው፣ ሺህ ውሸት በምላሳቸው ነው።

«ቀለም ማለት ፀሐይ ናት» አሉ። «ሻንጋይ ሳለን አንድ የስኮትላንድ ሻምበል ነበረን፣ ከወረቀት የነጣ። ወንዝ ዳር እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሦስት ቀን ይተኛል። ሲነሳ የገዛ ወታደሮቹ አላወቁትም! ‹የሻምበላችንን ልብስ የሰረቀ!› ብለው ወህኒ ከተቱት። እስካሁን እዚያው ነው።»

«ውሸት!» አለ ኬሐር።

«ግማሹ ውሸት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ይበቃናል።»

ኤውላሊያ በማግሥቱ ባርኔጣዋን ምስማር ላይ ሰቅላ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ ጥጥ ውስጥ ገባች።

«ሕይወቴን ሙሉ» አለች፣ «እናቴ ‹ባርኔጣሽን አድርጊ፣ ጠቁረሽ ማን ያገባሻል!› ስትለኝ ኖራ፣ ይኸው ለማግባት ልጠቁር ነው።»

«አንቺ ሳቂ» አሉ ዶኛ ቶማሳ። «ማታ ስታለቅሺ እንገናኛለን።»

ማታ አለቀሰች። መጀመሪያ በርበሬ ሆነች፤ ቀጥሎ ቆዳዋ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያ እንደ ሽንኩርት ተላጠች። እናቷ እሬት ቀደው ይቀቧታል፣ ጠዋት ተመልሳ ፀሐይ ላይ እንደ እህል ትሰጣለች። ኬሐር በጎን ካለው ረድፍ ሆኖ ያያታል። የአንገቷን ቁስል ዝንብ ሲዞረው እሱ እንደ ዛፍ ይቆማል።

«ተይው» አላት በሁለተኛው ሳምንት። «ተይው ይቅር።»

«ምኑ ይቅር? አንተ ነህ የምትቀረው ወይስ እኔ?»

ኬሐር ጎንበስ ብሎ ለቀመ።

ቻቻ ቡታ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ይመጣሉ። የሁለቱን እጅ በተሞላ የጥጥ ጆንያ ላይ አስዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይለካሉ። «ዛሬ ቀይ ነን» ይላሉ። በሌላው ቀን «ቀይ ዳማ ደርሰናል፤ በርቱ!» ይላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ «ብስል ቀይ! ጠይምን ከሩቅ እያየኋት ነው፣ ጭሷ ይታያል!» ብለው ዶኛ ቶማሳን እንኳ አሳቋቸው።

ለጠይምነት ግን ክፍያ አለው። ኤውላሊያ ብቻዋን ስትሄድ በፊት በር የምታስገባት ባለሱቅ ነበረች፤ ከስኳሩ ትንሽ እፍኝም ትጨምርላት ነበር። በአራተኛው ሳምንት ያቺው ሴት አላወቀቻትም። «የናንተ በር በጓሮ ነው» አለቻት። ኤውላሊያ ዞራ በጓሮ ገባች፤ ስኳሩን ገዛች፤ ለኬሐር ስትነግረው ግን ዓይኑን አላየችም። «ደርሰናል ማለት ነው» አለች ብቻ።

ዓርብ ቀትር ላይ እጆቹ ጆንያው ላይ ተዘረጉ። ቻቻ ቡታ አዩ። ዞረው በሌላ በኩል አዩ። «የቱ የማን ነው?» አሉ፤ ሌሎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፣ ግን ቀልድ አልነበረም። የኬሐር እጅ ጠጉር ባይኖረው ኖሮ እሱም አይለየውም ነበር። በእርግጥ ከተጠቀለለው እጅጌ በላይ ኤውላሊያ አሁንም ወተት ናት። ሚስተር ሃብል ግን ከአንጓ በላይ አይጠይቅም። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቢሮው እስከ ቀትር ይሠራል። መኪናው እሑድ ጠዋት ይነሳል። ገና አንድ ቀን ሙሉ ተርፏቸዋል!

መትረፉ ነው ያጠፋቸው።

በኬሐር መንደር ሙሽራ ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን እርድ ይቀባል። እርዱ በሽምብራ ዱቄትና በሰናፍጭ ዘይት ታሽቶ፣ እህቶቹና አክስቶቹ እየዘፈኑ ፊቱን፣ እጁን፣ እግሩን ያሹታል። ያልተቀባ ሙሽራ ሙሽራ አይደለም፤ ሰውየው ሴት ይዞ ገባ ነው የሚባለው። ኬሐር ከቤት ሲወጣ እናቱ በቆርቆሮ ጣሳ እርድ ፈጭታ ሰጥታው ነበር። «የትም አገር ብታገባ ይህን ተቀባ። እኔ ባልኖር እጄ አለበት» ብላዋለች። ጣሳው ሐዲዱን፣ ሐብሐቡን፣ ጥጡን አብሮት ዞሯል። አንድም ቀን ወጥ ውስጥ አልገባም።

በሸለቆው እህትና አክስት ከየት ይመጣል? በሠፈሩ ያሉት ስድስት ወንደላጤዎች፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ገበሬዎች፣ አክስት ሆኑ። ከሰዓት በኋላ ኬሐርን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ጣሳውን ከፈቱ። አሥራ አንድ ዓመት የተከደነው ሽታ ሲወጣ ሁሉም አፍንጫውን ወደ ጣሳው አስጠጋ። ከዚያ ቻቻ ቡታ ድምፃቸውን አቅጥነው የሴቶቹን ዘፈን ጀመሩ፤ «ወንድሜ ፈረስ ላይ ነው፣ ልጓሙን ያዙልኝ» እያሉ። አምስቱ ተቀበሉ። ያሻሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይሰዳደባሉ።

«አንተ፣ የአክስት እጅ እንዲህ ይሻክራል?»

«ያንተ አክስት ቀስ ብላ ታሽ ነበር፣ የኔ አክስት በሬ ትጠምድ ነበር!»

ኬሐር ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። «እናቴ ብታየኝ» አለ በልቡ። ከስድስቱ ሰዎች አንዱም፣ አራት ሳምንት ሙሉ ስለ ቀለም ሲጨነቁ የከረሙት ቻቻ ቡታ እንኳ፣ አንዳች ነገር ትዝ አላለውም። በአገራቸው እርድ ቀለም አይደለም፤ ምርቃት ነው። ሲታጠብም የሁሉም እጅ ቢጫ ስለነበር፣ ቢጫ መሆኑን ያየ አልነበረም።

ያየችው ኤውላሊያ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ኬሐር የተዋሰው መኪና ላይ ወጥታ ከጎኑ ስትቀመጥ፣ መሪውን የያዘውን እጁን አየች።

«እጅህ ምን ሆነ?»

ኬሐር አየው። የጠዋት ፀሐይ ሐቀኛ ናት። ከአንጓው እስከ ጥፍሩ አልጫ ወጥ መስሏል።

ቻቻ ቡታ ከኋላ አንገታቸውን አሰገጉ፤ እጁን አዩ፣ የራሳቸውን አዩ፣ አፋቸውን ከፈቱ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልወጣቸውም።

ቦዩ ዳር አቆሙ። በአሸዋ አሹት። በሳሙና አሹት። ኤውላሊያ የቀሚሷን ጫፍ ላምባ ውስጥ ነክራ ፈተገችው። ዶኛ ቶማሳ ሎሚ ጨመቁበት፤ የተላጠው ቦታ ሲያቃጥለው ጥርሱን ነከሰ። ቆዳው ቀላ፣ ደማ፤ ቢጫው ግን ከሥሩ ቁጭ ብሎ ይስቃል። የእናት እጅ አለበት፣ እንዴት ይለቃል!

«ጓንት አድርጎ ይግባ» አሉ ቻቻ ቡታ።

«‹እጃችሁን!› በሚል ሰው ፊት በጓንት?» አለች ኤውላሊያ። «በቃ እንሂድ። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ ምናልባት አያይም።»

ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ደረሱ። ሚስተር ሃብል ባርኔጣውን ከመስቀያው አውርዶ ነበር፤ መልሶ ሰቀለውና ተነፈሰ።

«እጃችሁን!»

ኤውላሊያ ዘረጋች። ጸሐፊው መነጽሩን ጠረገ፤ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። ባለፈው ወር ነጭ ናት ብሎ የመለሳት እሷ መሆኗን አላስታወሰም። ብዕሩን ነክሮ በስሟ ትይዩ «ቡናማ» ብሎ ጻፈ። ኬሐር ፊደሎቹን በግልባጩ አነበባቸው። ካያቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ አንዱም እንደዚህ አምሮ ታይቶት አያውቅም።

«ያንተስ?»

ኬሐር እጁን አወጣ።

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ጣቱን በምራቁ አርሶ የኬሐርን እጅ አሸ፤ ጣቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ቀለም ተቀብተሃል።»

«ቀለም አይደለም ጌታዬ። የሠርግ ነው። እናቴ… ቅመም ነው፣ ወጥ ውስጥ የሚገባ።»

«ወጥ ተቀብተህ ነው መንግሥት ቢሮ የምትመጣው?» ከኋላ ያሉት ሁለት ጸሐፊዎች ሳቁ፤ አንዷ ለማየት ተነሳች። «እሷን ለመምሰል ነው የተቀባኸው። ልታታልለኝ!»

«አይደለም ጌታዬ። ለምርቃት ነው።»

ኤውላሊያ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ፊት ግን ታነባለች። «እሱን ነው አታላይ የሚለው?» አለች። «እሱን? ያታለልኩት እኔ ነኝ!» እጅጌዋን ወደ ላይ ልትሰበስብ ያዘች፣ ወተቱን ልታሳይ፤ ዶኛ ቶማሳ ክንዷን ጨብጠው ያዟት። ኬሐር ራሱን ነቀነቀ። ቢያይም ያው ነው፣ ባያይም ያው ነው። ሐሰተኛው እጅ ባንኮኒው ላይ ንጹሕ ሆኖ ተጋድሟል፤ እውነተኛው ተይዟል።

ሚስተር ሃብል «ቡናማ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው። «ስማችሁን ይዣለሁ። ሁለታችሁን አንድ ላይ እዚህ ካየሁ ሸሪፉን ነው የምጠራው። ለጎረቤት አውራጃዎችም በስልክ እነግራለሁ፤ አትድከሙ።» ባርኔጣውን አደረገ። ከዚያም ባንኮኒው ቢጫ ነክቶት እንደሆነ ጎንበስ ብሎ አየ።

እሑድ ጠዋት የለቃሚዎቹ መኪና ሞተሩ ሲንተከተክ ኬሐር ከሥሩ ቆሟል። ኤውላሊያ ከላይ፣ ከእናቷ ጎን። የመኪናውን የእንጨት ግድግዳ ይዛለች፤ እሱም አጠገቧ ያዘ። ዶኛ ቶማሳ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩላቸው።

«እስኪለቅ ስንት ቀን ይፈጃል?» አለች።

«አባቴ ላይ ሁለት ሳምንት ቆየ ትል ነበር እናቴ። ጥፍር ላይ ከዚያም ይበልጣል።»

«የኔም እንደዚያው ነው።» አንገቷ ላይ ቆዳው መላጥ ጀምሮ፣ ከሥሩ የበፊቱ ብቅ ብሏል። «ወይን ሲለቀም ጓንት ግድ ነው አሉ።»

እሱ ሊል የፈለገው ብዙ ነበር። «ባርኔጣሽን አድርጊ» አላት።

መኪናው ተነሳ። ጥቂት ከግድግዳው ጋር አብሮ ተራመደ፣ ከዚያ ሮጠ፣ ከዚያ አቧራው ብቻ ቀረ። ወደየትኛው እርሻ እንደሚሄዱ አሠሪው ራሱ አልወሰነም ነበር።

ቻቻ ቡታ ሦስት ቀን አልተናገሩም። በአራተኛው ቀን ወንደላጤዎቹን ሰብስበው ታሪኩን አወሩ። በሳቸው ወሬ ጸሐፊው ቢጫውን እጅ ሲያይ የንጉሥ ዘር ነው ብሎ ደንግጦ ይነሳል፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ሙሽሮቹን ደረጃው ድረስ ይሸኛል። ወንዶቹ ኬሐርን በጎን እያዩ አዳመጡ። ኬሐር አላረማቸውም። እንዲያውም ሲጨርሱ «ከደረጃው በኋላስ ቻቻ?» ብሎ ጠየቀ። ቻቻ ቡታ ግን ከዚያ ወዲያ አልሆነላቸውም፤ ጭኔን አመመኝ ብለው ተነሱ።

በስድስተኛው ሳምንት የመጨረሻው ቢጫ ከአውራ ጣቱ ጥፍር ጋር ተቆረጠ። በማግሥቱ ኬሐር ኮቱን ለብሶ፣ ጥምጥሙን አሳምሮ ወደ ከተማ ሄደ። ለማንም አልተናገረም፤ ለምን እንደሚሄድም ለራሱ አልነገረውም። ተራውን ጠብቆ ባንኮኒው ፊት ቆመና እጁን ዘረጋ። የተቆላ ገብስ።

ሚስተር ሃብል መነጽሩን በክራቫቱ ጠረገ። አላወቀውም። እጁን አየ፤ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

«ሁለተኛዋስ?»

ኬሐር እጁን አላነሳም። ጸሐፊው ትንሽ ጠበቀ፤ ከዚያ ከኋላው ለቆሙት ጥንዶች መዝገቡን መዘርጋት ስለነበረበት፣ በብዕሩ ጫፍ ጣቶቹን ነካ ነካ አደረገ።

«አንሳ እንጂ፤ ቦታ ያዝክብኝ።»

አነሳ።